ወንድ የተባለችው ድመት

አባ ውሮ ወለደ።

መጀመሪያ ያዩት አባ ኃይለኢየሱስ ናቸው፤ አይተውም አላመኑም። መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከኪዳን መልስ፣ የገዳሙን ዕቃ ቤት ከፍተው የበዓል ካባ የሚቀመጥበትን የእንጨት ሣጥን ክዳን ቢያነሡ፣ ድመቱ ከውስጥ አሮጌ መጋረጃ ላይ ተጋድሟል። ከሆዱ ሥር አራት ነገሮች እየተርመሰመሱ ይጠባሉ። አባ ክዳኑን ዘጉት። በስመ አብ ብለው አማተቡና እንደገና ከፈቱት። አሁንም አራት ናቸው።

«ከየት አመጣኻቸው?» አሉ ድመቱን፣ ሌላ የሚጠይቁት ሰው ስላልነበረ።

እስቲ አሁን ፍረዱ! ወንድ ድመት ወለደ ከማለት፣ ከዱር እናት የሌላቸውን ግልገሎች ሰብስቦ አመጣ ማለት ቀለላቸው። እንዲህም ያለ ደግ ድመት ይኖራል፣ በቅዱሳን ቦታ ምን የማይሆን አለ ብለው ሊጽናኑ ነበር። ግን ግልገሎቹ ይጠባሉ። የሚጠባ ካለ የሚያጠባ አለ። አባ እዚያ ላይ ሲደርሱ ሐሳባቸው አዳለጣቸውና መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ድመት ወለደች፤ ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ገዳሙን ስለማያውቅ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል፣ ገደሉ ወደ አሊዩ አምባ ቆላ ከመውረዱ በፊት አንድ ትከሻ ላይ የተቀመጠ የወንዶች ገዳም ነው። እንስት የተባለች ፍጥረት ከበሩ አታልፍም። ሴት ምእመናን ከበሩ ውጭ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ቆመው ይሳለማሉ። ይህስ በሌላም ቦታ አለ ትሉ ይሆናል፤ እዚህ ግን ላምም አትገባ፣ እንስት አህያም አትገባ፣ እንቁላል ጣይ ዶሮም አትገባ። የሚያርሱት በበሬ፣ ውኃ የሚጭኑት በወንድ አህያ፣ መንጋቱን የሚነግራቸው ድምፁ የዘጋ አንድ አሮጌ አውራ ዶሮ ነው። የአባቶች ሥርዓት ነውና ማንም አይከራከርበትም። እናም በዚህ ገዳም፣ ያውም በንዋየ ቅድሳቱ ሣጥን ውስጥ፣ አራስ ተኝታለች።

ያስገባት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፣ ራሳቸው አባ ኃይለኢየሱስ ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከአይጥ ነው። ካቻምና አይጥ ገዳሙን ወረረው። ገብሱን ከጎተራ፣ ባቄላውን ከጆንያ ጨረሰው። ይህስ ይሁን፣ መነኩሴ መራብ ያውቅበታል፤ አይጦቹ ግን የብራና መጻሕፍቱን ጠርዝ መቆርጠም ጀመሩ። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አባ ኃይለኢየሱስ ናቸው። የተበላ ቅጠል ባገኙ ቁጥር የራሳቸው ጣት የተበላ ያህል ያማቸዋል። አንድ ምእመን ከከተማ የአይጥ መርዝ ገዝቶ ቢያመጣ፣ አበ ምኔቱ አባ ገብረ ጻድቅ «መርዝና ዱቄት በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም» ብለው መለሱት። ወጥመድ ተሞከረ፤ አይጦቹ ዳቦውን በልተው ወጥመዱን እንደ ነበረ ይተዉታል። በመጨረሻ ማኅበሩ ተሰብስቦ፣ ወንድ ከሆነ ድመት ይግባ ብሎ ፈቀደ።

ድመቱን የላከችው የአባ እናት ወለተሐና ናት። እናት አንቱ አትባልምና እኔም እሷ እያልኩ ልቀጥል።

ወለተሐና የመዘዞ ሴት ናት። ባሏ ቀድሟት ሞቷል፣ ከወለደቻቸው ውስጥ የተረፉላት አባ ብቻ ናቸው። የዓለም ስማቸው ካሳሁን ነው፤ ለሞቱት ካሳ ይሁነኝ ብላ ያወጣችው። ይሄ ካሳ የተባለ ልጅ በሃያ ሁለት ዓመቱ ጥሏት መነነ። በሄዱበት ቀን ሦስት ጊዜ ዞረው አዩዋት፤ ሦስቴም እግራቸው ወደ ኋላ ሊመልሳቸው ነበር። ስለዚህ ቆቡን ሲደፉ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከራሳቸው አንድ ስእለት ጨመሩ። «ከዚህ በር እግሬ አይወጣም። የእናቴን ፊት ካየሁ ልቤ ይመለሳል» አሉ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ አልወጡም።

እሷም አልቀረችም። በየዓመቱ ለጥቅምት አቦ፣ የገዳሙ ንግሥ ነውና፣ ከመዘዞ መኪና ተሳፍራ፣ በደብረ ብርሃን ዞራ አንኮበር ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ነው። ወይራው ሥር ትቆምና በረኛውን አባ ፍሥሐን «ካሳሁንን ጥሩልኝ፣ ልየው» ትላቸዋለች። አባ ፍሥሐ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። «እየጸለዩልሽ ነው» ይሏታል። የገዳሙን ዳቦ፣ ዳቤውን፣ ይሰጧታል፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትመለሳለች።

ካቻምና ግን መልእክቷ ሌላ ነበር። «ዓይኔ እየፈዘዘ ነው። ሳይጠፋብኝ አንዴ ፊቱን ልየው በሉት» አለች። አባ ያን ቀን ከበሩ አሥር እርምጃ እስኪቀራቸው ድረስ መጥተዋል። አሥር እርምጃ! እዚያ ላይ ስእለታቸው ትዝ አላቸውና ቆሙ። ቆመው ቆመው ተመለሱ። ዓመቱን ሙሉ ያ መልእክት ከጆሯቸው አልወጣም።

አምና ስትመጣ «ልየው» አላለችም። ክዳን ባለው ቅርጫት የድመት ግልገል ይዛ መጥታ፣ «አይጥ አስቸገረው ሲሉ ሰምቼ ነው። ከቤቴ ድመት የተወለደ ነው፤ ወንድ ነው በሉት» ብላ ለበረኛው አስረክባ ሄደች። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። አባም እፎይ አሉ። ዓይኗ ተሽሏት፣ ልቧም ቆርጦላት ነው ብለው አምላካቸውን አመሰገኑ።

ድመቱስ? ድመት ነበር እንጂ! ክረምቱ ሳይገባ የአይጡን ዘር ከገዳሙ ሊነቅለው ምንም አልቀረው። ጠዋት ጠዋት የገደላቸውን አይጦች ከአባ ጎጆ ደጃፍ ላይ አሰልፎ ይጠብቃቸዋል፤ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት። አባ መቆፈሪያ ይዘው ቀባሪ ሆኑ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይናቸው እያየ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ አንድ ወፍራም አይጥ ሲወጣ ድመቱ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተወርውሮ አንገቱን ያዘው። አባ «ጎሽ!» ብለው አጨበጨቡ። ወዲያው አፈሩ። መነኩሴ በሞት ይደሰታል? ግራ ገብቷቸው ያን ዕለት ሃምሳ ስግደት ጨመሩ፤ ድመቱን ግን ማሻሸታቸውን አልተዉም።

በገዳሙ ውስጥ ሥጋ የሚበላ እሱ ብቻ ነበር፤ ያውም ረቡዕና ዓርብ ሳይል፣ ሁዳዴ ሳይል። አባ ፍሥሐ ጨዋታ ይወዳሉና «አባ ውሮ» ብለው ስም አወጡለት። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ እያለ ሰው በከንቱ ያማል፤ የእኛው አባ ውሮ መንኩሶም ሥራውን አልረሳ» ይላሉ። ነሐሴ ላይ የአባ ውሮ ሆድ ተነፋ። አባ ኃይለኢየሱስ መጀመሪያ ጥጋብ ነው አሉ። ቀጥሎ ትል ነው አሉ። ኮሶ ሊያጠጡት ሁሉ አስበው ነበር፤ እንኳንም አላጠጡት።

እንግዲህ ወደ ሣጥኑ እንመለስ። አባ መሬት ላይ እንደተቀመጡ ድመቷን አዩዋት፤ ዓመት ሙሉ ያላዩዋትን ያህል አዩዋት። ነጭ፣ ጥቁርና ዳማ ናት። ሦስት መልክ። በዚያች ቅጽበት የልጅነት ቤታቸው ትዝ አላቸው። መዘዞ ውስጥ ድመት የወለደችለት ሰው ሁሉ ግልገሎቹን ይዞ ወደ ወለተሐና ይመጣ ነበር፤ ወንዱን ከሴቷ እንድትለይለት። እሷ አንስታ እንኳ አታገላብጥም፤ ከሩቅ አይታ «ይሄ ወንድ፣ ይቺ ሴት» ትላለች፣ ስታ አታውቅም። ለእሳቸውም ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ አስተምራቸዋለች። «ሦስት መልክ ያላት ድመት ካየህ አትድከም ልጄ፤ ወንድ ሆና አታውቅም» ብላቸዋለች።

እሳቸውስ ይሁን፣ ረሱት። ወንድ ነው ስለተባሉ ወንድ አድርገው አዩት። እሷስ? ይህን ያስተማረች ሴት ሦስት መልክ ያላትን ድመት በገዛ እጇ ቅርጫት ውስጥ ከታ፣ «ወንድ ነው በሉት» ብላ ትልካለች? ለምን?

አባ ፍሥሐ ቁልፍ ሊመልሱ ሲገቡ አባን እንደተቀመጡ አገኟቸው።

«ምን ሆኑ አባ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አባ ውሮ ወለደ።»

«ምን አሉ?»

«አራት።»

አባ ፍሥሐ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያማ ሳቁን ማን ይቻለው! «ኧረ በመድኃኔ ዓለም! አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ግራጫ፣ ይቺኛዋ ደግሞ ቁርጥ እናቷን! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ማለት ይኼ ነው። እኔማ ያን ከቆላ የሚወጣ ጆሮ ቆራጣ ድመት አጥሩ ላይ ሳየው፣ ከአባ ውሮ ጋር ወንድማማቾች መስለውኝ!»

«አይቀልዱ አባ ፍሥሐ። ያስገባኋት እኔ ነኝ።»

«አንቱ ምን ያድርጉ? ወንድ ነው የተባልነውን ተቀበልን። የላከችልዎት...» አሉና አባ ፍሥሐ አፋቸውን ያዙ። ሳቃቸውም እዚያው ላይ ቆመ። ሁለቱም ስለ አንዲት ሴት እያሰቡ እንደሆነ ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ማኅበሩ ከግቢው የጽድ ዛፍ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። አባ ገብረ ጻድቅ ዘጠናን የተጠጉ ሽማግሌ ናቸው፤ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ሁሉን ሰሙ። አንዱ መነኩሴ ዕቃ ቤቱ ጠበል ይረጭ አለ። ሌላው አባ ኃይለኢየሱስ ቀኖና ይቀበሉ አለ። ሦስተኛው ነገሩን አፍረጠረጠው። «ይህ ስሕተት አይመስለኝም፤ እናትየው ልጄ ሥርዓት አፍርሶ ይባረርልኝ ብላ ያደረገችው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ላይ የቆመች ሴት ምን የማታስበው አለ?»

አባ ኃይለኢየሱስ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸው ራሳቸው ያሰቡትን ከሰው አፍ ሲሰሙት ጊዜ ውስጣቸው ተቃጠለ።

«እናትህ ድመት ታውቃለች?» ሲሉ ጠየቁ አባ ገብረ ጻድቅ።

ምን ይመልሱ? አታውቅም ቢሉ ዋሹ፤ ያውም መነኩሴ፣ ያውም በማኅበር ፊት። ታውቃለች ቢሉ እናታቸውን አስፈረዱባት።

«ታውቃለች፣ አባቴ። እንደ እሷ የሚያውቅ አላየሁም።»

ማኅበሩ አጉረመረመ። አባ ገብረ ጻድቅ መቋሚያቸውን አነሡ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳይሆንብን። ሳንጠይቅ አንፈርድም። ድመቷ ከነልጆቿ ዛሬውኑ ወጥታ ከበሩ ውጭ በበረኛው ጎጆ ትሰንብት። ጥቅምት አቦ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናትየው ስትመጣ ኃይለኢየሱስ በእጁ ለእጇ ይመልስላት፤ በአፉም ይጠይቃት።»

«አባቴ፣ አባ ፍሥሐ ይመልሱልኝ። እኔ ከበሩ ላልወጣ ስእለት አለብኝ።»

«ስእለቱን ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«ይህን ግን እኔ አዝዤሃለሁ። መታዘዝ ይቀድማል። አጥፍታ ከሆነ በአፍህ ውቀሳት፤ አላጠፋች እንደሆነ በአፍህ ይቅርታ ጠይቃት።»

ከዚያ ወዲያ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለአባ ኃይለኢየሱስ ውላቸው የጠፋባቸው ቀናት ናቸው። ዳዊት ሲደግሙ መስመር ይዘላሉ። ለምሳ የተሰጣቸውን ቆሎ በእጃቸው እንደያዙ ይመሻል። አንዴ፣ «ተሳስታ ነው» ይላሉ፤ እሷ ስታ አታውቅም። አንዴ፣ «ሆን ብላ ነው» ይላሉ፤ እንዲህ ያለ ተንኮል በእናታቸው አይተው አያውቁም። ሁለቱም እውነት አይመስልም፣ ሦስተኛ ደግሞ የለም። ይናደዳሉ። ተናደው ተናደው፣ ከንዴቱ ሥር ሌላ ነገር ያገኛሉ። «ለመሆኑ ቢያባርሩኝ የት ነው የምሄደው?» ይላሉ ለራሳቸው። መሄጃቸው መዘዞ ነው፣ ወደ እሷ ነው። ይህ ሲታሰባቸው ልባቸው ደስ ይለዋል፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራቸዋል።

አይጡም ጊዜ አላጠፋ። ድመቷ በወጣች በስድስተኛው ቀን አባ ዕቃ ቤቱን ሲከፍቱ የአንድ ድርሳን ጠርዝ ተቆርጥሞ አገኙ። ፍርፋሪውን ከመሬት ለቀሙና በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። ድመቷ ናፈቀቻቸው፤ እንዲያው አይጥ ለመያዟ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ የሚጠብቃቸው ፍጥረት በመታጣቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ደጃፋቸው ላይ ጠብቋቸው አያውቅም ነበር። ከበሩ ውጭ ከምትጠብቃቸው ከአንዷ በቀር።

ጥቅምት አቦ ደረሰ። ከአንኮበር መንገድ ሰው እንደ ጉንዳን ወረደ። ከበሮው ከውስጥ፣ እልልታው ከውጭ። አባ ፍሥሐ መጥተው «አባ፣ መጥታለች» አሉ፤ በዚህ ቀን አልቀለዱም። ድመቷንና አራቱን ግልገሎች በዚያው በመጣችበት ቅርጫት አድርገው ከበሩ ውጭ አስቀምጠውላቸዋል። ድመቷ ከቅርጫቱ ውስጥ አንዴ ስትጮህ ተሰማቸው።

አሥር እርምጃ ነው። አባ ቆጠሯቸው። የሚናገሩትን ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንተውታል፤ ሰላምታ የለም፣ ጥያቄው ብቻ ነው፤ መልሱን ሰምተው ይመለሳሉ፤ ፊቷን አያዩም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ከበሩ ወጡና ቅርጫቱን አነሡ። ሰማይ አልተናደም፣ ምንም አልሆነም፤ ከውጭ ያለውም አፈር ያው አፈር ነው። ወይራው ሥር የሴት እግሮች ተደርድረዋል። ከመካከላቸው አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ አዩና ጫማውን ባያውቁትም እግሩን አወቁት።

አጠገቧ ቆሙ፤ ገና አልተናገሩም።

«ካሳሁን ነህ?» አለች ወለተሐና።

አባ ያጠኑት ሁሉ ሊጠፋባቸው ሆነና ቶሎ ብለው ጀመሩ። «ይችን ድመት ወንድ ናት ብለሽ ነበር የላክሽው።»

«አዎ፣ ወንድ ነው። ምነው፣ አይጡን አልቻለውም?»

«ወለደች!»

«ምን?»

«አራት ወለደች! ሦስት መልክ ያላት ድመት ወንድ ሆና አታውቅም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ? ታዲያ እያወቅሽ ለምን ላክሽብኝ? እንድባረርልሽ ነው?» ድምፃቸው ከፍ አለ። በዙሪያው የቆሙት ሴቶች ዞር ብለው አዩ።



«ሦስት መልክ ናት?» አለች ወለተሐና፣ በቀስታ።

«እያት እንግዲህ!» አሉና አባ ክዳኑን ከፍተው ቅርጫቱን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

እጇን ዘረጋች፤ ቅርጫቱን ሳተችው። ወደ ግራ ዳበሰች፣ አየር ጨበጠች፤ ወደ ቀኝ ስትመልስ ጣቶቿ የአባን ክንድ ነኩና እዚያው ቆሙ። አባ ያዩት እጇን ነው፤ የሚያዩት ግን አልገባቸውም። ቅርጫቱ ፊት ለፊቷ ነው። ለምን ትስተዋለች?

«አባ፣ እማማ እኮ አያዩም» አለች ከጎኗ የቆመች ሴት። የመዘዞ ጎረቤቷ ደመቀች ናት፤ የነጠላዋን ጫፍ ወለተሐና ጨብጣዋለች። «ዓይናቸው የጠፋው ድመቱን ሳይልኩልዎት በፊት ነው። እኛንም ደብቀውን ነበር፤ ቤታቸውን በዳበሳ ያውቁታል። አምና እዚህ ስንመጣ ነጠላዬን ሲይዙኝ እንኳ ደክሟቸው መስሎኝ ነበር። ዘንድሮ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ብንወስዳቸው፣ የዓይን ግፊት ነው፣ ነርቩ ደርቋል፣ ቀድማችሁ ብታመጧቸው ኖሮ አሉን።»

«ተይ ደመቀች፣ ለእሱ አትንገሪው» አለች ወለተሐና። ከዚያ ወደ አባ ዞረች፤ ትክክል ወደ እሳቸው አልነበረም፣ ትንሽ ወደ ጎን ነው። «ድመቴ አልጋ ሥር ነበር የወለደችው። እየዳበስኩ አንድ መረጥኩልህ። ጠንካራ ነበር፣ ጣቴን ሲነክሰኝ ወንድ መሰለኝ። አጠፋሁ ልጄ። ዓይኔ እያለ ስቼ አላውቅም።»

ይህን ጊዜ ነው ነገሩ ለአባ ኃይለኢየሱስ የበራላቸው፤ ምነው ባልበራላቸው! አምና «ልየው» ያላለችው የምታይበት ስላጣች ነው። እሳቸው ደግሞ እፎይ ብለው ነበር፤ አምላካቸውን አመስግነው ነበር። ካቻምና ከአሥር እርምጃ ላይ ቆመው የተመለሱ ጊዜ፣ እዚህ ወይራ ሥር ጭላንጭል የቀረው አንድ ዓይን በሩን በሩን ሲያይ ነበር። ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጡና በጉልበታቸው ወደቁ።

«ይቅር በይኝ» አሉ። «እናቴ፣ ይቅር በይኝ።»

«ለድመቷ ብለህ ነው የወጣኸው?»

መዋሸት አልቻሉም። «አዎ።»

ወለተሐና ሳቀች፤ ያ የድሮው ሳቋ ነው። «ጎሽ የኔ ልጅ!» አለች ጎንበስ ብላ ወደ ቅርጫቱ፤ አሁን በግልገሎቹ ድምፅ አገኘችው። «እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያቃተኝን አንቺ በአንድ ወሊድ!» አንዱ ግልገል ጣቷን ያዘ። ሌላ እጇን ወደ ላይ አነሣች፤ የአባን ትከሻ፣ ከዚያ አንገት፣ ከዚያ ፊታቸውን አገኘች። ጉንጫቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ የራሰውን ዓይናቸውን ዳበሰች። ጢማቸው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ጢም አወጣህ» አለች፣ ግራ እንደገባት። «እኔ እኮ ሳስብህ ያለ ጢም ነው።»

አባ አለቀሱ። አንገታቸውን እንደ ደፉ፣ ዓይናቸው እሰማያዊው ጫማ ላይ እንደ ተተከለ አለቀሱ። ከዕለተ ምንኩስናቸው ጀምሮ የሴት ፊት ቀና ብለው አይተው አያውቁም።

«ካሳሁን» አለች፣ አገጫቸውን በጣቷ ይዛ። «በየዓመቱ የምመጣው ላይህ ነበር። አሁን እንግዲህ አንተ እየኝ።»

ከውስጥ ደወሉ ተደወለ። አባ ፍሥሐ ከበሩ ላይ ሆነው አንዴ፣ ሁለቴ ጠሯቸው። አባ ኃይለኢየሱስ አልሰሙም፤ ቀና ብለው እናታቸውን እያዩ ነበር።